«አኩርፋ ነው» ያልናት ድመት፦ የአንድ ጉዳይ ጥናት ከጎንደር

ዳልቻ ምግብ ያቆመችው ቅዳሜ ማታ ነው። ሐኪም ዘንድ የወሰድናት ማክሰኞ ጠዋት። በመሀል ያለው 60 ሰዓት ገደማ ነው። ይህን ጉዳይ ከሥሩ ጀምሬ እንድጽፍ ያደረገኝ ያ 60 ሰዓት ነው። ድመታችን ዓይናችን ሥር ታማ እኛ «አኩርፋ ነው» እያልን ነበር።

ዳልቻ የአምስት ዓመት ድመት ናት። ስሟን ያገኘችው ከጠጉሯ ቀለም ነው። ያደገችው ማራኪ አካባቢ፣ ከእናቴ ጋር በምንኖርበት ቤት ነው። ጤነኛ ሳለች 4.6 ኪሎ ትመዝን ነበር። ከሰፈራችን ሥጋ ቤት ቁርጥራጭ ስለማይጠፋ ደልደል ያለች ናት። ይህ ውፍረቷ ኋላ ላይ ጣጣ አምጥቶብናል።

ጊዜው የዐቢይ ጾም ሁለተኛ ሳምንት ነበር። ሥጋ ቤቱ ለ55 ቀን ተዘግቷል። ስለዚህ ምግቧ ተቀየረ። ሩዝ በተቀቀለ እንቁላል እየለወስን እንሰጣት ጀመር። እናቴ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውሃ እንኳ አትቀምስም። ለድመቷ ግን ጠዋት ተነሥታ እንቁላል ትቀቅላለች። «እንስሳ ምን ጾም አለበት» ትላለች። ዳልቻ ሩዙን እየገፋች እንቁላሉን ትለቅም ነበር። ባትወደውም ትበላለች።

ቅዳሜ ማታ ሳህኑን አሸተተችና ዞር አለች።

የተሳሳትነው እዚህ ላይ ነው። አንድ ምክንያት እጃችን ላይ ስለነበር ሌላ አልፈለግንም። ምግቧ ተቀይሯል፣ ሥጋ ለምዳለች፣ ስለዚህ አኩርፋለች። ጎረቤታችን እትዬ መጥተው ሳቁ። «ድመት መንኩሳ ዐመሏን አትረሳ! የሥጋ ሽታ ሲመጣ ትነሣለች፤ ተዋት» አሉኝ። እኔም ተውኳት።

እሑድ ጠዋት ምድጃው አጠገብ ኩርምት ብላ አገኘኋት። ድመት ሲመቻት ጎኗን ሰጥታ ትተኛለች። ዳልቻ ግን አራት እግሯን ከሥሯ ሰብስባ፣ ጀርባዋን አጉብጣ፣ አንገቷን ሰግጋ ነበር። እንዲህ ያለው አቀማመጥ ብዙ ጊዜ የሆድ ሕመም ምልክት እንደሆነ ያኔ አላውቅም። ወተት አሞቅሁላት። አልነካችውም። ባትነካውም ደግ፤ አብዛኛው ያደገ ድመት የወተትን ስኳር በደንብ መፍጨት አይችልም፣ ትርፉ ተቅማጥ ነው። ከሰዓት በኋላ ቢጫ አረፋ አስመለሳት።

ሰኞ ለሀጯ ይዝረበረብ ጀመር። ከአገጯ ሥር ያለው ጠጉር ርሶ ተጣብቋል። በመዳፏ አፏን ደጋግማ ትጠርጋለች። አልጋ ሥር ገብታ አልወጣም አለች። ከሥራ ስመለስ ግቢው በምክር ተሞልቶ ጠበቀኝ። አንዱ የአይጥ መርዝ የቀመሰ አይጥ በልታ ነው አለ። ሌላው ጉንፋን ነው አለ። ይኼኛው እንኳ ሩቅ ግምት አልነበረም። ድመት ምግብን የምትመርጠው በአፍንጫዋ ነው። አፍንጫዋ ከተዘጋ ሳህኑ ሞልቶም አትበላም። አንዷ ደግሞ «ፓራሲታሞል በውሃ በጥብጠህ ስጣት» አለችኝ። ፍሬውን ለሁለት ሰብሬ እጄ ላይ ይዤው ነበር። ያልሰጠኋት አፏን አልከፍትም ስላለችኝ ብቻ ነው። ማታ ፋርማሲ ሄጄ ማስመለስ የሚያቆም መድኃኒት ጠየቅሁ። ሜቶክሎፕራማይድ ሰጡኝ። ለጠዋት ብዬ ኪሴ ውስጥ አስቀመጥሁት።

ሌሊት እናቴ ተነሥታ አየቻት። ጠዋት ያለችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው። «ልጄ፣ ኩርፊያ እንዲህ አይደለም። ያኮረፈ ሰው እንኳ ውሃ ይጠጣል።»

የካርቶን ጎን በቢላ በስቼ፣ የእናቴን አሮጌ ነጠላ አንጥፌ፣ በባጃጅ ወሰድናት። ጎንደር የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ዩኒቨርሲቲ ያለባት ከተማ በመሆኗ ሐኪም አይጠፋም። የሄድንበት ክሊኒክ ግቢ ውስጥ አንድ በሬ፣ ጥቂት በጎችና አንድ የጋሪ ፈረስ ተራ ይጠብቃሉ። ድመት የያዝን እኛ ብቻ ነበርን።

ሐኪሙ ካርቶኑን ከመክፈቱ በፊት ጥያቄ ጀመረ። ባለፉት ቀናት ሰው ነክሳለች? የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ወስዳለች? ውሻ ነክሷት ያውቃል? ድምፅዋ ተቀይሯል? ወፍራም ጓንት አጠለቀ። ምግብ ያቆመና ለሀጩ የሚዝረበረብ እንስሳ ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው እሱ ነው። በሽታው ድመትንም ይይዛል። እኔ እሑድና ሰኞ በባዶ እጄ አፏን ልከፍት ስታገል እንደነበር ስነግረው ፊቱ ተለወጠ። ጣቶቼን አገላብጦ አየ። ጭረት አልነበረም። «ሁለተኛ እንዳታደርገው» አለኝ። ነክሳህ ቢሆን ኖሮ ወዲያው ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ አጥበህ በቀጥታ የሰው ሐኪም ቤት ነበር የምትሄደው አለኝ። ዳልቻ ክትባቷን ባለፈው ዓመት ወስዳለች፤ ካርዷን ይዘን ነበር።

ትኩሳቷን ለካ። 38.9 ዲግሪ። የጤነኛ ድመት ሙቀት ከ38.1 እስከ 39.2 ነው፤ ስለዚህ ትኩሳት የላትም። የትከሻዋን ቆዳ ቆንጥጦ ለቀቀው። ቆዳው ቶሎ አልተመለሰም፤ ውሃ አጥሯታል ማለት ነው። ድዷን በጣቱ ተጭኖ ለቀቀና ቀለሙ እስኪመለስ ቆጠረ። ከዚያ አፏን ከፈተ።

እዚህ ላይ ዝግ ብዬ ልጻፍ፣ ምክንያቱም ጉዳዩ ያለው እዚህ ነው። ሐኪሙ በአንድ እጁ የላይኛውን መንጋጋ ያዘ። በሌላኛው እጁ ጣት የታችኛውን መንጋጋ ከፈተ። ከዚያ አውራ ጣቱን ከውጭ በኩል፣ በሁለቱ የአገጭ አጥንቶች መሀል ባለው ለስላሳ ቦታ ወደ ላይ ገፋ። ምላሷ ተነሣ። ሥሩ ታየ። ከምላሷ ሥር፣ ምላስን ከአፍ ወለል ጋር የሚያያዘው ቀጭን ሥጋ ላይ፣ አንድ ነጭ መሥመር ተጠምጥሟል። ጠጉር መሰለኝ። መሥመሩ ሥጋውን በልቶ ገብቶ ዙሪያው ቀልቷል። ሁለቱ ጫፎች ወደ ጉሮሮ ይወርዳሉ።

«እማማ፣ ቤት ውስጥ ክር አለ እንዴ?» አላት እናቴን።

«ክርማ ሞልቷል ልጄ። እፈትላለሁ እኮ።»

እናቴ በጾም ማታ ማታ ትፈትላለች። ለፋሲካ ጋቢ እንዲደርስ። ባዘቶው በአንድ በኩል፣ እንዝርቱ በሌላ በኩል፣ ልቃቂቱ ጉልበቷ አጠገብ። ዳልቻ ከልጅነቷ ጀምሮ እዚያ ነው የምትጫወተው። ማናችንም ክሩን አላሰብነውም፤ ሁልጊዜ ስለምናየው። የድመት ምላስ ላይ ያሉት ሻካራ እሾሆች ወደ ኋላ ወደ ጉሮሮ ነው የሚያዩት። ክር አንዴ ከያዛቸው ልትፋው ብትል እንኳ ወደ ውስጥ ነው የሚሄደው።

«መርፌ አብሮት ይኖር ይሆን?»

«ኧረ የለም! ፈትል ነው እንጂ ስፌት አይደለም። በእንዝርት መርፌ ምን ይሠራል?»

ይህ መልስ ብዙ ነገር ወሰነ። መርፌ ቢኖርበት ወይም የናይለን ክር ቢሆን ያኔውኑ ቀዶ ሕክምና ነበር። ሐኪሙ ችግሩን በሱሪ ማሰሪያ አስረዳን። ማሰሪያውን አንድ ጫፍ ይዘህ ስትስበው ጨርቁ ይሰበሰባል፣ ይጨማደዳል። የክሩ አንድ ጫፍ ምላስ ሥር ታስሯል። አንጀት ደግሞ ክሩን ወደ ታች ሊገፋ ይለፋል። ክሩ አልሄድ ሲል አንጀቱ ራሱ ክሩ ላይ እየተሰበሰበ ይወጣል። የተወጠረው ክር ቀስ በቀስ አንጀቱን እንደ መጋዝ ይቆርጠዋል። ስለዚህ ፈጽሞ አይጎተትም። አፍ ውስጥ ክር ያየ ሰው መጀመሪያ የሚመጣለት መጎተት ነው፤ እኔም ባየው ኖሮ እጎትተው ነበር።

ሆዷን ዳሰሰ። መሀሉ ላይ ጨምደድ ያለ ነገር እንዳለ ነገረን። ግን ሆዷ አልጠጠረም፣ አንጀቷ የተበሳ አይመስልም። ማደንዘዣ ወግቶ ክሩን ከምላሷ ሥር በትንሽ መቀስ ቆረጠው። የላላው ጫፍ ወደ ጉሮሮዋ ተንሸራትቶ ጠፋ። ያጠራትን ውሃ እንዲተካላት ከቆዳዋ ሥር 100 ሚሊሊትር ሪንገር ላክቴት የሚባል ፈሳሽ ሰጣት። ትከሻዋ ላይ እንደ ትንሽ ሻኛ አበጠ፤ በሰዓታት ውስጥ ጠፋ።

ከዚያ ምርጫውን ነገረን። ወይ ዛሬ ሆዷን መክፈት፣ ወይ አንድ ቀን መጠበቅ። በእጅ የተፈተለ ጥጥ ለስላሳ ነው፤ መርፌ የለበትም፤ ትኩሳትም የላትም። ስለዚህ ሊወርድ ይችላል። «እድል ነው፣ ዋስትና አይደለም» አለ። ካስመለሳት፣ ትኩሳት ከጀመራት፣ ወይም ሆዷ ሲነካ ከጮኸች በየትኛውም ሰዓት እንድንደውል፣ ለቀዶ ሕክምናው ራሱ ዝግጁ ሆኖ እንደሚጠብቅ ነገረን። እስከዚያ በአፏ ምንም ነገር እንዳይገባ አለ።

ኪሴ ውስጥ ያለውን ሜቶክሎፕራማይድ አሳየሁት። ራሱን ነቀነቀ። መድኃኒቱ ጨጓራና አንጀት ጠንክሮ እንዲገፋ ያደርጋል። አንጀቱ ክር ላይ ተሰብስቦ ሳለ ይህን መስጠት መጋዙን ማፍጠን ነው። ስለ ፓራሲታሞሉም ነገርኩት። የድመት ጉበት ፓራሲታሞልን የሚያከሽፈው አሠራር ደካማ ነው። ደሟ ኦክስጅን መሸከም ያቅተዋል፤ ድዷ ቡናማ ይሆናል። አንድ 500 ሚሊግራም ፍሬ ድመትን ሊገድል ይችላል። ግማሹም ቢሆን ለእሷ ከባድ አደጋ ነው። ያን ግማሽ ፍሬ ሳስበው እስካሁን እጄን ይበላኛል።

ማክሰኞ ሌሊት በየተራ አደርን። ረቡዕ ቀን ጸጥ ብላ ዋለች። አላስመለሳትም። ረቡዕ ማታ ሦስት ሰዓት ላይ አሸዋዋ ላይ ወጥታ ብዙ አማጠች። ትንሽ ዓይነ ምድር ወጣ፤ ከኋላዋ የጣት ርዝመት ያለው ክር ተንጠለጠለ። እናቴ እልል አለች። እኔ ክሩን ልይዘው እጄን ዘረጋሁና ደነገጥሁ። ደወልኩ። «እንዳትጎትት! ሌላው ጫፍ ገና አንጀቷ ውስጥ ሊሆን ይችላል። የወጣውን በመቀስ ቁረጥና ተዋት» አለኝ። ሐሙስ ጎሕ ሲቀድ ቀሪው ወጣ። እናቴ ሁሉንም በውሃ አለቅልቃ ጋዜጣ ላይ ዘረጋችው። በስንዝር ለካችው። ሁለት ስንዝር ከጋት።

ክሩ ወጣ፤ ዳልቻ ግን አሁንም አትበላም።

ይህን አልጠበቅንም። እንቅፋቱ ሲነሣ ወዲያው ሳህኗ ላይ የምትደፋ መስሎን ነበር። ሐሙስ ረፋድ መልሰን ወሰድናት። ክብደቷ 3.9 ኪሎ ደርሷል። ሐኪሙ መስኮት አጠገብ፣ በቀን ብርሃን አፏን ከፍቶ የላንቃዋን ጣሪያ አሳየኝ። ሮዝ መሆን የሚገባው ገርጥቶ ቢጫ ጣል አድርጎበታል። የጆሮዋ ውስጥም እንደዚያው።

ጉበቷ ነው። ሰው በጾም ቀን ውሎ ማታ ይበላል፤ በሬም ሳር ቢያጣ ጥቂት ቀን ይችላል። የድመት አካል ግን በየቀኑ ሥጋ እንድትበላ ሆኖ የተሠራ ነው። ምግብ ሲቋረጥ ሰውነቷ ያከማቸውን ስብ እያነሣ ወደ ጉበት ይልካል። ጉበቱ ያን ሁሉ አሠናድቶ ማውጣት ያቅተዋል፤ ስቡ እዚያው ይከማቻል። የታመመ ጉበት ደግሞ ያቅለሸልሻል፣ ምግብ ያስጠላል። ሳትበላ ጉበቷ ይታመማል፣ ጉበቷ ሲታመም አትበላም። ወፍራም ድመት ላይ ይብሳል፤ የሚላከው ስብ ብዙ ነውና። ለዚህ ጥቂት ቀናት ይበቃሉ። መድኃኒቱ ምግብ ነው። እሷ እስክትፈልግ ሳይሆን አሁን።

ሂሳቡን ወረቀት ላይ ጻፈልኝ። ክብደቷን በ30 አባዛ፣ 70 ደምር። 3.9 ኪሎ ሲሆን 187 ኪሎካሎሪ በቀን። ግን በመጀመሪያው ቀን ሲሶውን ብቻ፣ በሁለተኛው ሁለት ሦስተኛውን፣ በሦስተኛው ወይም በአራተኛው ሙሉውን። ብዙ ቀን የራበው ሰውነት ድንገት ሲጠግብ በደም ውስጥ ያሉ ማዕድናት ይወርዱና ሌላ አደጋ ይመጣል። ያ ኪሴ ውስጥ የነበረ መድኃኒትም አሁን ቦታ አገኘ። መንገዱ ስለተከፈተ፣ እሱ በክብደቷ ለክቶ ለማቅለሽለሹ አዘዘላት።

ሥጋው ከየት ይምጣ? አዲስ ዓለም ሰፈር የምትኖር ሙስሊም የሥራ ባልደረባዬ ሰምታ በማግሥቱ የዶሮ ደረት፣ ልብና ጉበት በፌስታል ይዛልኝ መጣች። ከዚያ በኋላ በየሦስት ቀኑ አታቋርጥም ነበር። ገንዘቡን ልስጥሽ ብላት ተቆጣችኝ። ለዳልቻ ብቻ የምትሆን ትንሽ ድስት ገዛሁ።

አሠራሩ እንዲህ ነበር። 100 ግራም የተቀቀለ የዶሮ ደረት፣ ጥቂት ልብና ጉበት፣ አንድ የበሰለ የእንቁላል አስኳል፣ መረቁ። ጨው የለ፣ በርበሬ የለ፣ ሽንኩርት ፈጽሞ የለ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ቀይ የደም ሴሎች ይሰባብራሉ። እኛ ቤት ሽንኩርት የሌለው ወጥ ስለማይሠራ ለዓመታት ፍርፋሪ ስንሰጣት የነበረው ሁሉ ታወሰኝ። ሁሉም በጁስ መፍጫ ተፈጭቶ፣ ወንፊት አልፎ፣ 250 ሚሊሊትር ያህል ይሆናል። የመጀመሪያው ቀን ድርሻዋ 70 ሚሊሊትር፣ በስድስት ጊዜ፣ በአንዴ 12 ገደማ። በኋላ በአንዴ 35 ደረስን። ሐኪሙ ይህ ለጥቂት ሳምንት እንጂ ለዘለቄታው የተሟላ እንዳልሆነ ነግሮኛል።

የመጀመሪያውን ያበላሁት ክፉኛ ነው። ቸኮልኩ። በመርፌ አልባው ሲሪንጅ አንድ ጊዜ ብዙ ገፋሁ፣ አንገቷንም ወደ ላይ አቅንቼ ነበር። ትን አላትና አሳላት፤ ዓይኗ ፈጠጠ። ምግቡ ወደ ሳንባ ቢገባ የሳንባ ምች ነው። ከእኔ የተሻለች እናቴ ሆነች። በነጠላዋ እንደ አራስ ጠቀለለቻት፣ አንገቷ ብቻ ወጣ። ራሷን ቀና ሳይሆን እኩል አድርጋ ያዘች። ምግቡን እንደ ሕፃን ወተት አንጓዋ ላይ ጠብ አድርጋ ሞከረችው፤ ለብ ሊል ይገባዋል። የሲሪንጁን ጫፍ በጎን በኩል፣ ከክራንቻ ጥርሷ ኋላ አስገብታ አንድ ሚሊሊትር ያህል ጠብ ታደርጋለች። ጉሮሮዋ ሲንቀሳቀስ እስክታይ ትጠብቃለች። ከዚያ ሌላ። «በይ ውሮ፣ በይ የኔ እናት» እያለች። 12 ሚሊሊትር ሩብ ሰዓት ይፈጅ ነበር። ዳልቻ ፊቷን ካዞረች ወይም መላስ ካበዛች እናቆማለን፤ መላሱ የማቅለሽለሽ ምልክት ነው።

ሌላ ነገር ደግሞ ተማርን። ሲሪንጁን በያዝንበት ቦታ ሳህን አናስቀምጥም። ድመት ያመማትንና ያበላናትን አያይዛ ያንን ምግብ ለዘላለም ልትጠላው ትችላለች።

እንዲህ እያልን 17 ቀን ገፋን። ቢጫው በሁለተኛው ሳምንት መጥፋት ጀመረ። በየቀኑ ጠዋት በር ላይ፣ በብርሃን፣ ላንቃዋን እናያለን። ክብደቷን ይዣት ሚዛን ላይ እየወጣሁ፣ ከራሴ እየቀነስሁ እመዘግባለሁ። 3.8፣ 3.8፣ 3.9። ሁለት ቀን ፈቀቅ ሳትል ስትቆይ ተስፋ ቆርጨ ነበር።

በ17ኛው ቀን ከጣና፣ ከጎርጎራ በኩል የመጣ ቆሮሶ ዓሣ አገኘሁ። ቀቅዬ እሾሁን እያንዳንዱን በጣቴ ለቀምሁ። ድስቱን ለማጠብ ዞር ስል ክዳኑ ሲንኳኳ ሰማሁ። ዳልቻ ክዳኑን ትልሳለች። እስትንፋሴን ያዝሁ። ሲጨርስላት ወደ እኔ ቀና ብላ አየችኝ። አንድ ቁራጭ መሬት ላይ አኖርሁ። በላችው። እናቴን ለመጥራት ድምፄ አልወጣም።

በፋሲካ 4.3 ኪሎ ነበረች። ጋቢው አልደረሰም። እናቴ አሁን ልቃቂቱን ክዳን ባለው ሙዳይ ውስጥ ታስቀምጣለች፣ ስትፈትልም በሩን ትዘጋለች። ዳልቻ በሩ ማዶ ትተኛለች። አንዳንዴ እንዝርቱ ሲሾር ሰምታ መዳፏን በበሩ ሥር ታስገባለች። እናቴ ፈትሏን ታቆምና መዳፉን በጣቷ ትነካዋለች።